ቀኑ ደርሶ ነውን? የገበሬና የዓሣ አጥማጅ የሥራ አደጋ በደቡብ ጎንደር

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ሰው በሥራ ላይ እያለ ሲሞት ለቀስተኛው «ቀኑ ደርሶ ነው» ይላል። ቃሉ ሐዘንተኛን ያጽናናል፤ ሊነቀፍም አይገባም። የሚያስቸግረው ከለቅሶው በኋላ ነው፤ ያው ቃል የአደጋው ምክንያት እንዳይጠየቅ በር ሲዘጋ። አደጋ ሁሉ የፈጣሪ ፈቃድ ከሆነ ጥንቃቄ ምን ይፈይዳል? መጠንቀቅስ እምነት ማጣት ይሆን?

የአካባቢው ሥራ አደጋ የሞላበት ነው። ከጉና ግርጌ በፋርጣ ድንች የሚያመርት ገበሬ በክረምት ፀረ ፈንገስ ይረጫል። ብዙ ጊዜ ዱቄቱን ያለ ጓንት በባልዲ ያማስላል፤ የመርጫው አፍንጫ ሲደፈን በአፉ እፍ ብሎ ይከፍተዋል፤ ባዶው ዕቃም ታጥቦ የውሃ ወይም የዘይት መያዣ ይሆናል። ወደ ታች፣ በደርግ ዘመን ሩዝ በገባበት የፎገራ ሜዳ፣ አራሚው በባዶ እግሩ ውሃ ውስጥ ይውላል፤ አልቅትና ቢልሃርዚያ ያገኙታል። በጣና ዳር በደንገል ታንኳ የሚወጣው ዓሣ አጥማጅ ደግሞ ማዕበሉና ጉማሬው አሉበት፤ የአምባዛ እሾህም እጁን ይወጋዋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ «ቀኑ ደርሶ» የሚባል ነውን? የኦሪት ሕግ አደጋን ሁሉ በአንድ ዓይን አያይም። በዘፀአት ምዕራፍ 21 በሬ ሰው ወግቶ ቢገድል ባለቤቱ ነፃ ነው። በሬው ተዋጊ መሆኑ አስቀድሞ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቀርቶ ከሆነ ግን በሰው ደም ይጠየቃል። በሬው ያው በሬ፣ ሞቱም ያው ሞት ነው፤ ፍርዱን የለወጠው የባለቤቱ ማወቅ ብቻ ነው። ክርስቶስም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ከመቅደሱ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር ሲፈተን እምቢ ብሏል፤ እያወቁ ራስን ለአደጋ መጣል ፈጣሪን መፈታተን እንጂ በእርሱ መታመን አይደለም። በእስልምናም ግመልህን እሰርና ከዚያ በአላህ ተመካ የሚለው ምክር ከዚህ አይርቅም።

የሊቦ ከምከም ወረዳ ታሪክ ይህን በማወቅና ባለማወቅ መካከል ያለ ልዩነት አጉልቶ ያሳያል። በ1997 ዓ.ም. በወረዳው በአዲስ ዘመን ከተማ ዙሪያ ሰዎች በማይለቅ ትኩሳት ይመነምኑ፣ ጣፊያቸውም ያብጥ ጀመር። መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ መሰለ፤ ሲመረመር በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላአዛር ሆኖ ተገኘ። በሽታው የቆላ ተብሎ የኖረ ነው። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ይዘውት ሳይመለሱ እንዳልቀሩ ይገመታል፤ እዚያ ሜዳ ላይና ዛፍ ሥር ያድራሉ፣ ዝንቧም የምትነድፈው በአብዛኛው በሌሊት ነው። ያን ጊዜ ልጁን ለሰሊጥ የላከ የሊቦ አባት ይህን ስላላወቀ ሊወቀስ አይችልም። በሑመራ በኩል ግን በሽታው ቀድሞም ይታወቅ ነበር። ዛሬ ሠራተኛውን ያለ አጎበር ሜዳ ላይ የሚያሳድር ባለእርሻ፣ በሬው ተዋጊ መሆኑ የተነገረው ባለቤት ነው።

የዓሣ ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ ማርባት በአካባቢው ገና ጅምር ነው፤ ሕጉ ግን አስቀድሞ ተጽፏል። በዚያው በዘፀአት ምዕራፍ 21 ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ይከፍላል። ለእንስሳ ይህ ከሆነ ሕፃን ሊገባበት የሚችል ኩሬ ያለ አጥር መተው እንዴት ይታለፋል? የኩሬው ዳር ሣር ካልተነሣለት ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ይራባበታል፤ ቦቲ ጫማ ሳያደርጉ መግባትም አደጋ አለው።

የአገሪቱ ሕግም ዝም አላለም። ኢትዮጵያ ስለ ሥራ ደኅንነትና ጤንነት የተደነገገውን የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 በ1983 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው ሠራተኛውን ከአደጋ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ነገር ግን አዋጁ የሚገዛው ቅጥርን ነው። የራሱን ማሳ የሚረጭ ገበሬ፣ በራሱ ታንኳ የሚወጣ ዓሣ አጥማጅ፣ ለደቦ የተጠራ ጎረቤት ከዚህ ውጭ ናቸው፤ በደጋው ደግሞ አብዛኛው ሥራ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሕጉ በማይደርስበት የሚሰማው የንስሐ አባትና የእድር ዳኛ ነው። ሚካኤልንና ማርያምን አክብሮ እርፍ የማይጨብጥ ገበሬ ስለ መርጫውና ስለ ኩሬው አጥር ከእነርሱ አፍ ቢሰማ አይንቅም። የክረምቱ ርጭት ከመጀመሩ በፊት ይንገሩት።