ሰው ያጣ ሰፈር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከዐቢይ ጾም ሳምንታት አራተኛው መጻጉዕ እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ዕለት የሚነበበው ወንጌል በዮሐንስ ምዕራፍ 5 ተጽፎ የሚገኘው ነው። በኢየሩሳሌም በበጎች በር አጠገብ ቤተ ሳይዳ የተባለች መጠመቂያ ነበረች፤ በዙሪያዋም ብዙ ድውያን ተኝተው የውኃውን መናወጥ ይጠባበቁ ነበር። ከእነርሱም አንዱ 38 ዓመት በደዌ የቆየ ሰው ነበር። ጌታችን መዳን ይፈልግ እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ፣ ይህ ሰው ስለ ሕመሙ ጽናት አላማረረም፤ ስለ ረኃቡም አላነሣም። ውኃው ሲናወጥ ደግፎ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንዳጣ ብቻ ተናገረ።

ይህን ቃል ቆም ብለን እናስተውለው። ውኃው ሩቅ አልነበረም። መጻጉዕ በየቀኑ ያየው ነበር፤ ድምፁንም ይሰማ ነበር። 38 ዓመት ያስተኛው የውኃው መራቅ ሳይሆን የሰው መታጣት ነው። በዙሪያው ሕዝብ ሞልቶ ሳለ ሰው አጣ።

ይህን የወንጌል ቃል ይዘን በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ወደሚገኘው ወደ ዘነበ ወርቅና ወደ ቆሼ አካባቢ ብንወርድ፣ ነገሩ የሩቅ ዘመን ታሪክ ብቻ ሆኖ አናገኘውም።

ሰፈሩ እንዴት እንደ ተቆረቆረ በአጭሩ እንመልከት። በ1920ዎቹ ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ሲሠራ በጊዜው ከነበረው ከተማ ርቆ ነበር፤ ስሙም በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ተሰየመ። በኋላም በ1958 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ እንዲሆን የታሰበው አለርት ተመሠረተ። ሕሙማኑ ከየክፍለ ሀገሩ በእግርም በበቅሎም እየመጡ ታከሙ። ነገር ግን ከበሽታው የዳኑት ሰዎች ወደ ትውልድ ቀያቸው ለመመለስ ብዙ ጊዜ አልሆነላቸውም። ዘመድ አይቀበላቸውም፤ መሬታቸውን ሌላ ሰው ይዞታል፤ በገበያና በውኃ መቅጃ ሰው ይሸሻቸዋል። ስለዚህ በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ቀሩ። እዚያው ተጋቡ፤ ልጆች ወለዱ፤ ዕድርና ማኅበር አቋቋሙ።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ ደግሞ የከተማው ቆሻሻ መጣያ በዚሁ አቅራቢያ ሆነ። ሕዝቡም ቆሼ ብሎ ጠራው። እንግዲህ ከተማው ሊያየው ያልፈለገውን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ላከ ማለት ነው፤ ሕሙማኑንም፣ ጥራጊውንም። ከተማው ግን እያደገ ሄዶ ራሱ ደረሰባቸው፤ አስፋልቱና ፎቁም ዙሪያቸውን ከበባቸው። የጎረቤቱ ሰፈር ስም አየር ጤና ነው። ከቆሼ ነፋስ በሚነፍስበት ቀን ይህን ስም የሚሰማ ሰው ምን እንደሚያስብ ለአንባቢ እንተወዋለን።

ስለ ኑሮው ሁኔታ ስንናገር፣ ድኅነቱ ከሰማይ የወረደ ዕጣ ሳይሆን ምክንያት ያለው መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ በኋላ፣ የቀበሌ ቤቶች ኪራይ በጣም ዝቅተኛ ሆኖ ተወሰነ። ይህም ድኻውን ከጎዳና አዳነው። ነገር ግን የሚሰበሰበው ኪራይ ለእድሳት የሚበቃ ስላልነበረ፣ በብዙ አሮጌ የአዲስ አበባ ሰፈሮች የጭቃው ግድግዳ እየተሸረሸረ፣ ቆርቆሮውም እየዛገ ሄደ። ልጅ ሲያድግና ሲያገባ እዚያችው ክፍል ላይ ይቀጠልላታል እንጂ ሌላ ቤት አይገኝም። እንዲህ መስኮት በሌላት አንዲት ክፍል ውስጥ ስድስት ሰባት ሰው ሲያድር፣ ከመካከላቸው አንዱ የሳንባ ነቀርሳ ቢይዘው አየሩን የሚካፈሉት ሁሉ ለበሽታው ይጋለጣሉ። መጸዳጃው የብዙ ቤተ ሰብ የጋራ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ ሞልቶ ወደ ደጅ ይፈስሳል። ከዚያ በኋላ የሕፃናቱ ተቅማጥ ከየት መጣ ብሎ መመራመር አያሻም።

መተዳደሪያውም እንዲሁ ነው። አንዳንዱ የቀን ሥራ ይሠራል፤ አንዳንዷ ጥጥ ትፈትላለች፣ ጥልፍ ትጠልፋለች፣ ጉልት ትቸረችራለች። ሌላው ቆሼ ላይ ወጥቶ ብረታ ብረቱንና ሃይላንዱን እየለቀመ ለገዢ ያቀርባል። የጉልበትና የእጅ ጣት ያጣው ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይቀመጣል።

የሥጋ ደዌ ጠባዩ ምን እንደ ሆነም ብንረዳ መልካም ነው። የበሽታው ተሕዋስ ነርቭን ያደነዝዛል። እጇ የደነዘዘባት እናት ድስት ከከሰል ምድጃ ስታወርድ መቃጠሏን አታውቅም፤ እግሩ የደነዘዘ ሰው ሚስማር ቢወጋው አይሰማውም። ቁስሉ ሳይታይ ይመረቅዛል፤ በመጨረሻም ጣት ያሳጣል። እንግዲህ አካልን የሚያጎድለው በአብዛኛው ያልታየ ቃጠሎና ያልታጠበ ቁስል ነው። ሕመም የማይሰማው እጅ፣ የሚያይለት ሌላ ዓይን ያስፈልገዋል።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የብሔራዊ ሐዘን ቀናትም ታወጁ። ያቺ ሌሊት ለመጻጉዕ እሑድ አጥቢያ ነበረች። ቤተ ሰቦቻቸው በባዶ እጅና በአካፋ አፈሩን ሲቆፍሩ ባደሩበት ማግስት፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ስለዚያ ሰው ስላጣው ድውይ የሚናገረው ወንጌል ተነበበ። ይህን አጋጣሚ የምናነሣው ፍርድ ለመስጠት አይደለም፤ ወንጌሉ ለማን እንደሚነበብ እንድናስብ ነው እንጂ።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ጌታችን በቤተ ሳይዳ ያደረገው ሦስት ነገር ነው። እኛም ከዚሁ ሥርዓት እንማር።

አንደኛ፤ ጌታ አየው፤ ብዙ ዘመን እንደ ቆየም አወቀ። ማየትና ማወቅ ከእርዳታ ሁሉ ይቀድማል። ዛሬም ብዙ ሰው የሥጋ ደዌ በዘር የሚወረስ ወይም የእግዚአብሔር መቅሠፍት ነው ይላል። ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን ግን እ.ኤ.አ. በ1873 በሽታውን የሚያመጣውን ተሕዋስ አግኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያጸደቀው የጥምር መድኃኒት ሕክምና እንደ በሽታው ዓይነት በ6 ወይም በ12 ወር ይፈጸማል፤ መድኃኒቱም በነፃ ይሰጣል። መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ማስተላለፉን ያቆማል። አብዛኛው ሰው ደግሞ በሽታውን የሚቋቋም የተፈጥሮ ኃይል አለው። ታዲያ ከዳነ ሰው ጋር አንድ ጽዋ መጠጣት የሚያስፈራን ስለ ምንድን ነው?

አንዳንዶች ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13ን ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፤ ለምጻሙ ከሰፈር ውጭ እንዲቀመጥ ታዝዟል። ነገር ግን መጽሐፉን በዚያ አንዝጋው። በምዕራፍ 14 መጀመሪያ ላይ ሰውዬው በነጻ ጊዜ ካህኑ ራሱ ከሰፈር ወጥቶ እንዲያየውና ወደ ሕዝቡ የሚመለስበትን ሥርዓት እንዲፈጽምለት ታዝዟል። ማውጣቱ ለጊዜው፣ መመለሱ ግን የሕጉ ፍጻሜ ነበር። በዘነበ ወርቅ ከ80 ዓመት በላይ የጎደለው ይህ ሁለተኛው ምዕራፍ ነው። ሰዎቹ ድነዋል፤ ወጥቶ የሚቀበላቸው ግን ጥቂት ነው። ልጆቻቸው በሽታው ፈጽሞ ያልነካቸው ሳሉ፣ ሥራ ሲፈልጉ ወይም ለጋብቻ ሲጠየቁ የሰፈራቸውን ስም መናገር የሚፈሩ አሉ። እንዲህ ያለውን ፍርሃት መድኃኒት አይፈውሰውም፤ የሚፈውሰው የእኛ አቀባበል ነው።

ሁለተኛ፤ ጌታ ጠየቀው። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ሳለ ድውዩ በራሱ አፍ እንዲናገር ዕድል ሰጠው። እንግዲህ ወደ ድኻ ስንሄድ አስቀድመን እንጠይቅ። በዓመት አንድ ቀን፣ በንግሥ በዓል ዳቦና አሮጌ ልብስ ይዞ መሄድ መልካም ሥራ ነው፤ ግን ሰውዬው የሚፈልገው የቁስል መጠቅለያ፣ ለደነዘዘው እግሩ የሚስማማ ለስላሳ ጫማ፣ ወይም ማመልከቻ የሚጽፍለት ሰው ይሆን እንደ ሆነ ሳንጠይቅ እንዴት እናውቃለን? በሥጋ ደዌ ያለፉ ሰዎች ራሳቸው የመሠረቱት ብሔራዊ ማኅበር አለ፤ በሰፈሩም ዕድሮችና ሽማግሌዎች አሉ። የሚበጃቸውን ከማንም ይልቅ ያውቃሉ።

ቤተ ክርስቲያናችን ጥቅምት 14 ቀን የምታስበውን አቡነ ገብረ ክርስቶስን እናስታውስ። የንጉሥ ልጅ ሳለ ስለ ክርስቶስ ብሎ ሁሉን ትቶ፣ በገዛ አባቱ ደጅ እንደ ለማኝ ወድቆ ኖረ። የቤቱ አገልጋዮች ማን እንደ ሆነ ሳያውቁ ያዋርዱት ነበር። በደጀ ሰላማችን የተቀመጠው ሰው የማን ልጅ እንደ ሆነ ይህ ገድል ያስተምረናል። ነዳያን ለእኛ ጽድቅ ማስገኛ ተብለው የተቀመጡ አይደሉም፤ እነርሱም እንደ እኛው የቤቱ ልጆች ናቸው።

ሦስተኛ፤ ጌታ መጻጉዕን ተነሥቶ አልጋውን ተሸክሞ እንዲሄድ አዘዘው። 38 ዓመት የተሸከመችውን አልጋ እርሱ ተሸከማት። የእርዳታ ዓላማም ይኸው ነው፤ ሰውን በአልጋው ላይ ማደላደል ሳይሆን በእግሩ ማቆም። ይህ የመንግሥትና የድርጅቶች ሥራ ነው፤ እኛ ተማሪዎች ምን አቅም አለን? የሚል አይጠፋም። ቤት መሥራትና የቆሻሻ ተራራ ማንሣት በእርግጥ የእኛ አቅም አይደለም፤ የሚመለከታቸውንም መጠየቅ ይገባል። ነገር ግን መጻጉዕ ያጣው መሐንዲስ አልነበረም፤ ደግፎ የሚያወርደው አንድ ሰው ነበር። ይህ ደግሞ በእጃችን ነው።

ለምሳሌ ያህል፤ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይወስዳል። ታማሚው በሁለተኛው ወር ሻል ሲለው መድኃኒቱን ይተዋል፤ በሽታውም መድኃኒቱን ለምዶ ይመለሳል። በየሳምንቱ ቤቱ ጎራ ብሎ፣ «አባባ፣ መድኃኒቱን ወሰዱ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ወጣት ይህን ሊያስቀር ይችላል። በቆዳው ላይ ስሜት የሌለው ገርጣ ያለ ምልክት ያየ ሰው ሳይደብቅ በቶሎ እንዲታይ ጤና ጣቢያ ድረስ አብሮ መሄድ፣ እጅና እግሩ እስኪጎድል ከመጠበቅ ያድነዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ሒሳብና ንባብ ማስጠናት፣ ቆሼ ላይ ሊውል የነበረን ልጅ በትምህርቱ ያቆየዋል። የሕክምና ተማሪ የሆነው ስለ ቁስል አያያዝ ያስተምር፤ የሕግ ተማሪ የሆነችው ማመልከቻ ትጻፍ፤ ሌላ ሙያ የሌለን ውኃ እንቅዳ፤ ደግሞም አብረን ቡና እንጠጣ። ሰው የሸሸው ሰው፣ በቤቱ ገብቶ ቡናውን የጠጣለትን እንግዳ አይረሳም።

ጌታችን ለምጻሙን ሲፈውሰው አስቀድሞ እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው (ማቴ. 8፥3)። በቃሉ ብቻ ሊያነጻው ይችል ነበር፤ ግን ያ ሰው ከፈውሱም ጋር የሰው እጅ ናፍቆት እንደ ነበረ አወቀለት። ራሱም ኋላ ከከተማው በር ውጭ መከራን ተቀበለ። ሐዋርያውም በዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 13 ላይ ወደ እርሱ፣ ከሰፈር ውጭ፣ እንድንወጣ ይመክረናል። ክርስቶስን የምንፈልግ ከሆነ ያለበት ቦታ ተነግሮናል።

የሰንበት ት/ቤታችን አባላት ሁሉ ሦስት ሦስት ሆነን፣ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ቤተ ሰብ ብቻ ይዞ፣ በወር ሁለት ቅዳሜ ለመጠየቅ ከዚህ ወር ጀምሮ እንመዝገብ። ብዙ ቤት ጀምሮ ከመተው አንዱን ቤት አንድ ዓመት ሙሉ መጠየቅ ይሻላል። በሚመጣው የመጻጉዕ እሑድ ወንጌሉ ሲነበብ፣ በዚያ ሰፈር ቢያንስ ጥቂት ቤቶች ሰው አግኝተው ይቆዩን።

ቸሩ አምላካችን የምናይበትን ዓይን፣ የምንወጣበትንም እግር ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።