ሸክምና ብልጫ
በአውስትራሊያ፣ በሜልበርን ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1861 ጀምሮ በሚደረገው ታላቅ የፈረስ እሽቅድምድም መዛኙ የየፈረሱን ያለፈ ሥራ መርምሮ ለብርቱው ከባድ፣ ለደካማው ቀላል ሸክም ይመድባል፤ ይኸውም ተስፋው ለሁሉም እኩል እንዲሆን ነው። ፋር ላፕ የተባለው ስመ ጥር ፈረስ በ1930 ከነጋላቢው 62 ኪሎ ተኩል ያህል ተሸክሞ አሸነፈ፤ በ1931 ግን 68 ኪሎ ተጭኖበት ስምንተኛ ወጣ።

ታዲያ መልካም ሥራ ዕዳ ሊሆን ይገባልን? ሸክሙ ራሱ የብልጫ ምስክር ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ አሸናፊው አስቀድሞ ከታወቀም ውድድር የለም። ሆኖም መዛኝ ፈረሱ ከሌሎቹ ምን ያህል እንደሚበልጥ ብቻ ሳይሆን ጀርባው ምን ያህል እንደሚችልም ሊመረምር ይገባዋል። ፈረስ «ይብቃኝ» አይልምና ልኩን ማወቅ የመዛኙ ግዴታ ነው። በመሥሪያ ቤትም ሰነፉን ትቶ በትጉሁ ላይ ብቻ ሥራ የሚቆልል አለቃ ይህን ያስብ።