ግራፉን መጀመሪያ በእርሳስ

ልጄ፣ ከቢስቲማ ወርደህ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በመግባትህ ደስ ብሎኛል። ኮንትሮል ኢንጂነሪንግ ልትጀምር መሆኑንና የሶፍትዌሩ ነገር እንዳሳሰበህ ሰምቻለሁ። አብሽር። ማትላብ ጥሩ ነው፣ ግን ፈቃዱ በገንዘብ ነው። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን ቅጂ አትጫን፤ የሰው ድካም ነው፣ ቫይረስም ይዞ ይመጣል። ኦክቴቭና ሳይላብ በነጻ ይገኛሉ። ኦክቴቭማ በ1988 እ.ኤ.አ. ሲታሰብ እንደ አንተ ላሉ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች፣ ለኬሚካል ሪአክተር ትምህርት ማገዣ ነበር። አንዴ ከተጫኑ ኢንተርኔት አይፈልጉም፤ ለእረፍት አገር ቤት ስትገባም ትሠራባቸዋለህ። የኦክቴቭን የኮንትሮል ፓኬጅ ግን ግቢ ሳለህ አሟላ። የአስትሮምና የመሪ «ፊድባክ ሲስተምስ» መጽሐፍም በነጻ ይወርዳል፤ አብረህ አውርደው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ይህ ነው፦ ኮምፒውተሩን ከማዘዝህ በፊት ግራፉን በእጅህ ሣል።

የቤታችሁን ሮቶ ልብ ብለህ እይ። ውሃው ሲጎድል ተንሳፋፊው ይወርዳል፣ ቫልቩ ይከፈታል፤ ሲሞላ ቀስ እያለ ይዘጋል። ፕሮፖርሽናል ኮንትሮል ማለት ይኸው ነው። ታች ቧንቧ ተከፍቶ ውሃ እየተቀዳ ከሆነ ግን ሮቶው ልኩ ላይ አይደርስም። ቢደርስ ቫልቩ ይዘጋል፤ ከተዘጋ ደግሞ የሚቀዳውን የሚተካ ውሃ የለም። ስለዚህ ከልኩ ዝቅ ብሎ ይረጋል። ይህን ያስተዋለ ተማሪ ኢንተግራል ለምን እንደሚጨመር መሸምደድ አያስፈልገውም።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። የሲስተሙ ጌይን 1፣ ታይም ኮንስታንቱ 100 ሰከንድ፣ የኮንትሮለሩ ጌይን 4 ይሁን። የተፈለገው ከፍታ 1 ቢሆን ውሃው 0.8 ላይ ይረጋል፤ ታይም ኮንስታንቱም ወደ 20 ሰከንድ ይወርዳል። ይህን ወረቀት ላይ አውጣና ኩርባውን በእርሳስ ሣል፤ ኦክቴቭን ከዚያ ጠይቀው። ካልተስማማችሁ ሳትታክት ስህተቱን ፈልግ፤ ትምህርቱ የሚገባህ ያን ጊዜ ነው።

ብዙ ተማሪ የሚዘለው ሌላ ነገር አለ። የውሃውን ከፍታ ብቻ ሳይሆን ኮንትሮለሩ የሚያዘውንም በግራፍ አውጣ። በዚሁ ምሳሌ መነሻ ላይ የሚያዘው 4 ነው፤ ሲረጋ 0.8። ቧንቧው ከ1.5 በላይ የማያሳልፍ ቢሆንስ? ሶፍትዌሩ ካልነገርከው አያውቅም፣ 4ቱን እንዳለ ይሰጥሃል። ጌይኑን 40 ብታደርገው ስህተቱ ወደ 2.4 በመቶ ይወርዳል፣ ግራፉም ያምርልሃል፤ ትእዛዙ ግን 40 ሆኗል፤ ያን ያህል የሚሰጥ ቧንቧ የለህም። ነገ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ወይም ቢራ ፋብሪካ ብትቀጠር የምታገኘው ሞተርም ቫልቭም እንዲሁ ወሰን አለው።

ስለዚህ በሳይላብ ኤክስኮስ የሳቹሬሽን ብሎክ አስገባ፣ ወሰኑን 1.5 አድርግና ጌይኑን በ4 ይዘህ ድገመው። ውሃው 0.625 እስኪደርስ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ እንደተከፈተ ይቆያል፤ ያለ ወሰኑ በ30 ሰከንድ ገደማ እዚያ ይደርስ የነበረው አሁን 54 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ሁለቱን ኩርባዎች አንድ ገጽ ላይ አውጥተህ ለመምህርህ አሳይ፤ ለምን እንደተለያዩም ከሥራቸው በራስህ ቃል ጻፍ።