ከገበታ የተቀነሰው
ዐቢይ ጾም 55 ቀናት አሉት። ሥጋው፣ ወተቱና ቅቤው ከማዕድ ይነሣሉ፤ በምትካቸው ሽሮው፣ ምስሩ፣ ሱፍ ፍትፍቱ ይደረደራል። የዛሬው የከተማ በየዓይነቱ በጣዕም ከፍስኩ ገበታ ብዙም አያንስ፤ ይህስ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ከገበታው የተቀነሰው ለማን ደረሰ? የቤቱ ጌታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ መጽሐፍ ሲያነብ፣ እንደ እርሱ የምትጾመው ሠራተኛ በባዶ ሆዷ ምድጃ ዳር ቆማ ትውላለች። ረኃቡ አንድ ነው፤ ለእርሱ ዕረፍት፣ ለእርሷ ድካም ተጨምሮበታል። አራተኛው እሑድ መፃጉዕ ይባላል። 38 ዓመት የታመመው፣ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ያጣው ድውይ ይታሰብበታል፤ ሰው ያጣውም በሰው መካከል፣ በኢየሩሳሌም ነው። ያን ምንባብ ጌታው በቤተ ክርስቲያን ቆሞ ሲሰማ፣ እርሷ ወጡን ልትጠብቅ ቤት ቀርታለች።