የልጅነት ጣዕምና ዕዳው

ሰው ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ ካለፈው ዘመን አብልጦ የሚያነሣው ታላላቁን ነገር ይመስለን ነበር። ነገር ግን ባልንጀሮች ከሥራ በኋላ ተሰብስበው ሲጨዋወቱ ብናደምጥ፣ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በትንሹ ነገር ላይ ሆኖ አገኘነው። አንዱ በትምህርት ቤት ደጃፍ ይሸጥ የነበረውን ከረሜላ ያነሣል፤ ሌላው የማስቲካውን ሽታ፤ ሦስተኛውም «የዛሬው እንደ ድሮው አይጣፍጥም» ብሎ ይደመድማል። ይህን ፍርድ የሚቃወም ስለማይገኝ ነገሩ እንደ እውነት ይወሰዳል። እኛም ለብዙ ጊዜ ተስማምተን ኖረናል። ዛሬ ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ፍርዱ ትክክል መሆን አለመሆኑን አብረን እንድንመረምር እንወዳለን።

አስቀድመን የትውልዶችን ምስክርነት እንመልከት። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በሆላንዱ ኩባንያ በኤች. ቪ. ኤ. ተቋቁሞ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ከዚያው ከወንጂ የወጣውን ደስታ ከረሜላን ያወቁ አባቶቻችን፣ ከእርሱ በኋላ የመጣው ሁሉ ለአፋቸው አይጥማቸውም። እኛ ደግሞ ልጅነታችን በ1980ዎቹ መጨረሻ ስለ ነበረ፣ እነርሱ የናቁትን የእኛን ዘመን ከረሜላ እናሞግሳለን። ልጆቻችንም ነገ የዛሬውን ያሞግሳሉ። እንግዲህ እያንዳንዱ ትውልድ «የእኔ ይበልጣል» የሚል ከሆነ፣ የሁሉም ቃል እውነት ሊሆን አይችልም፤ ስኳሩ ያው ስኳር ነውና። ስለዚህ ልዩነቱን ከከረሜላው ሳይሆን ከበላተኛው ዘንድ መፈለግ ይገባል።

እኛ ያደግነው በባሌ፣ በሐረና ደን አጠገብ በምትገኘው በአንገቱ ነው። ያን አገር የሚያውቅ ሰው ማሩን ሳያነሣ አያልፍም። ገበሬው ቀፎውን ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቅላል፤ ማር በሚቆረጥበትም ወራት እኛ ልጆች ሰፈፉን እያኘክን፣ ወለላው በክንዳችን ላይ እስኪወርድ እንልስ ነበር። ከጫካውም እንጆሪና አጋም እንለቅማለን። ይህ ሁሉ ጣፋጭ ያለ ዋጋ በእጃችን ሳለ፣ ልባችን ግን ተንጠልጥሎ የነበረው ከጎባ ተነሥቶ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠውን የሳነቲን አምባ ተሻግሮ በሚመጣው ሸቀጥ ላይ ነበር። በባለሱቁ ብልቃጥ ውስጥ የተቀመጠው ቀይና ቢጫ ከረሜላ ከማሩ ይበልጥብን ነበር። ወረቀቱን እንኳ አንጥልም፤ አለስልሰን በመጽሐፍ መካከል እናኖረዋለን። ዛሬ ደግሞ በከተማ ተቀምጠን፣ ከረሜላው በየሱቁ ሞልቶ ሳለ፣ ያን የናቅነውን የሐረና ማር አፈላልገን በውድ ዋጋ እንገዛለን። ከዚህም የምንረዳው፣ ምላሳችን የቅርቡን ንቆ የሩቁን የሚያደንቅ ዳኛ መሆኑን ነው። ድሮ የሚለየን ርቀት የመንገድ ነበር፤ ዛሬ የዘመን ሆነ።

ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የስዊስ ሐኪም በ1688 እ.ኤ.አ. ከአገራቸው ርቀው በናፍቆት ለሚታመሙ ሰዎች በሽታ፣ ሁለት የግሪክ ቃላት አጋጥሞ ስም አወጣለት፤ ፍችውም «የመመለስ ሕመም» እንደ ማለት ነው። የዚህ በሽታ መድኃኒቱ ወደ አገር መግባት ነበር። ወደ አገር መግባትስ ይቻላል፤ ወደ ልጅነት የሚሄድ መኪና ግን የለም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «የድሮው ጣዕም ከመካፈል የመጣ ነው» ቢለን አንክደውም። አንዱን ከረሜላ በሸሚዛችን ጫፍ ጠቅልለን፣ በጥርሳችን ሰብረን፣ ለሦስትና ለአራት እንካፈል ነበር፤ በጨርቁ ላይ የቀረው ብናኝም ሳይላስ አይቀርም። ከዚህም ተነሥተው «ማጣት ፍቅርን ያስተምራል፤ የዛሬ ልጆች ጥጋብ አበላሻቸው» የሚሉ አሉ። እኛም እንዲህ ስንል ኖረን ነበር። አፋችንን ያስያዘን የሚከተለው ነው።

አንድ ቀን ወደ ማታ እናታችን ለኩራዝ የሚሆን ነጭ ጋዝ እንድንገዛ አንድ ሽልንግ ሰጥታ ላከችን። እኛ በሽልንጉ ከረሜላ ገዝተን ከባልንጀሮቻችን ጋር ስንካፈል ከቆየን በኋላ፣ «ገንዘቡ ጠፋብን» ብለን ባዶውን ጠርሙስ ይዘን ተመለስን። የዚያን ቀኑ ከረሜላ ጣዕሙ እስከ ዛሬ አልለቀቀንም፤ ለስንቱ ሰው አውርተነዋል። የጋዙን ነገር ግን ፈጽመን ረስተነው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አገር ቤት ገብተን ይህንኑ ከረሜላ እያነሣን ስናጫውታት፣ እናታችን ፈገግ ብላ፣ «እኔስ የማስታውሰው ጨለማውን ነው፤ ፈትሌን በእሳት ብርሃን ልጨርስ ብዬ ጢሱ ዐይኔን ሲያስለቅሰኝ አመሸ» አለችን። ሽልንጉ አለመጥፋቱንም ያን ጊዜውኑ ዐውቃ ኖሯል፤ ከንፈራችን ቀልቶ ነበርና።

ቅዱስ አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ፣ በ16 ዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር ከሰው ዛፍ ፍሬ መስረቁን ይተርካል። የሰረቀውም ርቦት እንዳልነበረ፣ አብዛኛውን ለዐሣማ እንደ ጣሉት፣ ብቻውንም ቢሆን ኖሮ እንደማያደርገው ይናገራል። እርሱ ያን ቀን ሲያስታውስ የመረመረው የራሱን ልብ ነው። የእኛ ናፍቆት ግን ጣዕሙን ያስቀርና ዋጋውን የከፈለውን ሰው ይሰርዛል። የእናታችን እንባና የእኛ ጣፋጭ የአንድ ሌሊት ነገር ሲሆኑ፣ እኛ ሃያ ዓመት ሙሉ የተሸከምነው ግማሹን ብቻ ነበር።

እንግዲህ የልጅነትን ነገር መናፈቅ ይቅር አንልም፤ ቢባልም የሚቀር አይደለም። ደግሞም መካፈላችን እውነት ነበር። ነገር ግን መካፈሉን ማመስገን ሌላ፣ ማጣትን ማመስገን ሌላ ነው። ድህነትን የሚያሞግስ ሰው ብዙ ጊዜ ዕዳውን ሌላ የከፈለለት ሰው ነው። በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሁሉ እንደምናውቀው፣ ገቢው ብቻ ተጽፎበት ወጪው የተተወበት መዝገብ አይታመንም። መምህሩ ለተማሪዎቹ፣ አባት ለልጆቹ፣ «በእኛ ጊዜ» ብሎ በጀመረ ቁጥር ወጪውንም አብሮ ይጻፍ፤ ማን እንደ ተራበ፣ ማን በጨለማ እንዳመሸ ይናገር። ያን ጊዜ ናፍቆታችን የዛሬን ልጆች መውቀሻ መሆኑ ቀርቶ፣ ከፋዮቻችን በሕይወት ሳሉ የምናመሰግንበት ምክንያት ይሆነናል። ሁሉም በሕይወት አይቆዩንምና፣ ይህን ለነገ ባናሳድረው መልካም ነው።