ቴሌቪዥኑን ለማን ገዛነው?

ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ ከትልልቅ መጻሕፍት የተገኘ አይደለም፤ ከቤታችን ግድግዳ የተገኘ ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ አንድ ሰው ለሚወደው ሰው ሊሰጠው የሚገባውን ጊዜ በዕቃ ሊተካለት ይችላልን? ቢተካለትስ ስጦታ ሰጠ እንበል ወይስ ራሱን ገላገለ?

እኛ አንድ ወንድምና ሁለት እኅቶች ሆነን ከአባታችን ጋር እንኖራለን። አባታችን ዕድሜያቸውን በአናጺነት የኖሩ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው እንቢ ካላቸው ወዲህ ግን ከግቢ መውጣት ትተዋል። ጠዋት ሁላችንም ወደየሥራችንና ወደየትምህርታችን እንበተናለን፤ የምንመለሰው ማታ ነው። በመካከል ያለውን ረጅም ሰዓት አባታችን ብቻቸውን ያሳልፉታል። ቡፌው ላይ የነበረው ባለ 21 ኢንቹ አሮጌ ቴሌቪዥን ከተበላሸ ሁለት ዓመት አልፎት፣ ዳንቴል ለብሶ የአበባ ማስቀመጫ ተሸክሞ ተቀምጦ ነበር። እኛም «አባባ ብቻቸውን ሲውሉ የሚያጫውታቸው ነገር ያስፈልጋቸዋል» ተባብለን ዕቁብ ገባን። ዕጣው በ2017 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ወጣልን።

ለመግዛት ከመሄዳችን በፊት አባታችን ሜትራቸውን አውጥተው ሰጡንና «ዕቃ ከመግዛት በፊት ቦታ ይለካል» አሉን። በበሩና በመስኮቱ መካከል ያለው ግድግዳ 1 ሜትር ከ20 ሆነ። ይህ ልኬት ሱቅ ውስጥ አዳነን። ሻጩ ባለ 55 ኢንቹን ካልገዛችሁ እያለ ሲያግባባን፣ ሜትሩን ዘርግተን ብንለካው ከ1 ሜትር ከ20 ያልፋል። ብዙ ሰው ኢንቹ የቴሌቪዥኑ ወርድ ይመስለዋል፤ የሚለካው ግን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ ባለ 43 ኢንቹ በሰያፍ 109 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ወርዱ ግን 95 ገደማ ነው። ከግራም ከቀኝም አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። አባታችን ከሚቀመጡበት ወንበር እስከ ግድግዳው 2 ሜትር ከ20 ስለ ነበረ፣ ለዐይንም የሚስማማው ይኸው መካከለኛው ሆነ። ሻጩ ቅር እያለው አሸገልን። እኛም ስታቢላይዘር ጨምረን ተመለስን፤ የሰፈራችን መብራት ከፍና ዝቅ ማለቱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ተከላው ተጀመረ። ስለዚህ ቀን ትንሽ ሰፋ አድርገን መጻፍ እንፈልጋለን፤ በኋላ የሚመጣው ነገር ሁሉ ከዚህ ቀን ጋር የተያያዘ ነውና።

ቤታችን የጭቃ ቤት ነው። እኛ ሰው ቤት እንዳየነው ግድግዳውን ሰርስረን ብራኬቱን ልናሥር ስንነሣ አባታችን «ቆይ!» አሉ። ወንበራቸውን ወደ መካከል አስጠጋንላቸው። «ጭቃ ቪቴ አይዝም። የሚይዘው እንጨቱ ነው። እንጨቱን ፈልጉ» አሉን። እንዴት ብለን እንደምንፈልግ አላወቅንም። ደግፈን አስነሣናቸው፤ በጣታቸው አንጓ ግድግዳውን ያንኳኩ ጀመር። ድፍን፣ ድፍን፣ ድፍን ይልና አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ይለወጣል። «እዚህ አለ ቋሚው» አሉ። እርሳስ አቀበልናቸው፤ ምልክት አደረጉ። ሁለተኛውንም አገኙት። ከዚያ በኋላ እያንዳንዳችን እንድናንኳኳ አዘዙን፤ ልዩነቱን ሳንሰማ አንድም ቀዳዳ አይሰረሰርም አሉ። ታናሽ እኅታችን ከሁላችን ቀድማ ለየችው። አባታችንም «ይቺ ልጅ አናጺ ትሆን ነበር» አሉ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ ትደግመዋለች።

የቴሌቪዥኑን ጀርባ ገልብጠን አራቱን የብሎን ቀዳዳዎች ለካን፤ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር ናቸው። ብራኬቱን አሠርን፤ ውሃ ልክ አስቀምጠን አረፋው መካከል እስኪቆም ድረስ አስተካከልን። ሁለት ሆነን ስናነሣው አባታችን በጣም ተገረሙ። አሮጌውን ቡፌው ላይ ያወጡት ሁለት ሰዎች እያቃሰቱ ነበር፤ አዲሱ ግን ዐሥር ኪሎ አይሞላም። «ጀርባው የት ሄደ?» ብለው ጠየቁ። በአሮጌው ውስጥ ከኋላ ተነሥቶ መስተዋቱን ከውስጥ የሚመታ የኤሌክትሮን ጨረር እንደ ነበረ፣ ጨረሩም መስተዋቱን በሙሉ ለማዳረስ ርቀት ስለሚያስፈልገው ጀርባው እንዳበጠ ነገርናቸው። በአዲሱ ግን ከኋላ ትናንሽ መብራቶች፣ ከፊት ደግሞ ብርሃኑን የሚያሳልፍና የሚከለክል ስስ የፈሳሽ ክሪስታል ንጣፍ ብቻ እንዳለ አስረዳናቸው። አዳመጡንና «እንግዲያው እንደ መጋረጃ ነው በሉኛ» አሉ። ነገሩን ከእኛ ይልቅ በአጭሩ የገለጡት እሳቸው ናቸው።

በአንድ ነገር ብቻ አልተስማማንም። አባታችን «ዝቅ አድርጉት» አሉ፤ እኛ ደግሞ ሆቴል ቤት እንደሚሰቀለው ከፍ ብሎ ሲታይ ያምራል አልን። ምንም አልመለሱም። ከፍ አድርገን ሰቀልነው። ጎረቤታችን ዲሹን አስተካከለልን፤ ሥዕሉ ጥርት ብሎ መጣ፤ ቡና ተፈላ፤ ሁላችንም ደስ አለን።

ከዚያ በኋላስ? በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማታ ማታ አብረን ተቀመጥን። እየቆየ ግን ስንገባ ቴሌቪዥኑ በርቶ እናገኛለን፤ «እንደምን አመሹ አባባ» እንላለን፤ እያዩ ነውና «አንረብሽዎት» ብለን ወደ ክፍላችን እንገባለን። እስቲ ይህን «አንረብሽዎት» የሚለውን ቃል ልብ በሉት። አክብሮት ይመስላል። እኛም አክብሮት መስሎን ነበር።

በኅዳር ወር አንድ እሑድ ከእኛ አንዷ ከማኅበሯ ጋር አረጋውያንን ጠይቃ ተመለሰች። በዚያ ያገኟቸው አንድ ሽማግሌ እጇን ይዘው እንዴት እንዳጫወቷት፣ ሲለዩዋቸውም እንዴት እንዳዘኑ እየነገረችን ነበር። አባታችን የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሱ። «ስንት ሰዓት ተቀመጣችሁ?» ብለው ጠየቋት። «አንድ ሰዓት ያህል» አለች። «ደግ አደረጋችሁ» አሏትና ድምፁን መልሰው ከፍ አደረጉት።

የተናገሩት ይህን ብቻ ነው። ዳሩ ግን በዚያች ሌሊት ሦስታችንም እንቅልፍ አልወሰደንም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተከራከርን። አንደኛችን እንዲህ አለ፤ ለሽባ ሰው ምርኩዝ የገዛለት ልጅ ከዚያ በኋላ ክንዱን ይዞ መደገፉን ቢተው ማን ይወቅሰዋል? እንዲያውም ያ ሽማግሌ በፈለገ ሰዓት ተነሥቶ መሄድ ስለ ቻለ ይመርቀዋል። ታዲያ ቴሌቪዥኑ ከምርኩዙ በምን ይለያል? ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። ዕቃ የሰውን ሥራ ሲያቀል ሁሉ ኀጢአት ነው የምንል ከሆነ፣ ለእናቱ ወፍጮ ቤት ያመላለሳትን ልጅም፣ ቧንቧ ያስገባላትንም ልንወቅስ ነው።

እኛ የደረስንበት መልስ ይህ ነው። በአንዳንድ ዕዳ የሚፈለገው ሥራው ነው፤ ማንም ቢሠራው ዕዳው ይከፈላል። ውሃው ይምጣ እንጂ በእንስራም መጣ በቧንቧ ለተጠማው አንድ ነው። በአንዳንዱ ዕዳ ግን የሚፈለገው ሰውየው ራሱ ነው። ምርኩዝ ክንድ ይሠራ የነበረውን ሥራ ሁሉ ይሠራል። ቴሌቪዥን ግን የሚሠራው የግማሹን ነው፤ ይናገራል፣ አይሰማም። አባታችን ስለ ቋሚው እንጨት የሚያውቁትን ቢነግሩት አይሰማቸውም፤ «ይቺ ልጅ አናጺ ትሆን ነበር» የሚሉትን ልጅ ከዚያ ውስጥ አያገኙም።

ቋንቋችንም በዚህ ነገር ይመሰክርብናል። ዕቁብ ስንገባ «የሚያጫውታቸው ነገር» ብለን ነበር። በአማርኛ ጨዋታ ማለት የልጆች ሩጫና የኳስ ግጥሚያ ብቻ አይደለም፤ ወግም ጨዋታ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች ደጅ ተቀምጠው ሲያወጉ «እየተጫወቱ ነው» እንላለን። አንዱ እያወራ ሌላው ዝም ብሎ ሲያይ ግን ተጫወቱ አይባልም። ታዲያ እኛ ያን ቃል አንሥተን ለዕቃ ስንሰጠው ጆሯችን እንዴት አልቆረቆረውም?

ታላቅ እኅታችን በዚህ ላይ ተቃውሞ አላት፤ እውነትም ስላለበት እንጽፈዋለን። «ቴሌቪዥኑን አትክሰሱ። እሱ ከመምጣቱ በፊትስ ማታ ማታ ምን እናደርግ ነበር? ስልካችንን ይዘን አልነበረም? አባባ ያን ጊዜ የሚያዩት ነገር እንኳ አልነበራቸውም» አለች። ልክ ናት። ቴሌቪዥኑ አዲስ በደል አላመጣም፤ የነበረውን በደል ሳይሰማን እንድንኖር አደረገን እንጂ። ቀድሞ ብቻቸውን ተቀምጠው ስናያቸው ቢያንስ ይከነክነን ነበር። ደግሞም አባታችን ቴሌቪዥኑን ይወዱታል። ዜናውን ይከታተላሉ፤ ኳስ ያያሉ፤ ሰው ሁልጊዜ ሰው ብቻ አይፈልግም። አውጥተን እንሽጠው ብንል መጀመሪያ የሚቆጡን እሳቸው ናቸው።

እንዲያውም አንድ ማታ ስለ ድሮው አጫወቱን። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሥራ ሲጀምር እሳቸው ገና ልጅ ነበሩ። ቴሌቪዥን ባለበት ቤት መስኮት ላይ ተንጠልጥለው ያዩ እንደ ነበር፣ ባለቤቶቹም ሲከፋቸው መጋረጃ ይዘጉባቸው እንደ ነበር ነገሩን። በአብዮቱ 10ኛ ዓመት፣ በ1977 ዓ.ም. ሰሞን ሥርጭቱ ባለ ቀለም ሲሆን ደግሞ እሳቸው ጎልማሳ ሆነው ነበርና፣ ባለ ቀለሙን ለማየት ሠፈርተኛው ተጠራርቶ በአንድ ሳሎን ይታጨቅ እንደ ነበር አጫወቱን። ይህን ስንሰማ «ያ ዘመን እንዴት የፍቅር ዘመን ነበር» ልንል ቃጥቶን ነበር። አባታችን ግን «ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ቴሌቪዥን የለንም ነበር» አሉ። ሰውን የሰበሰበው እጥረት ነበር ማለታቸው ነው። እጥረት ሲቀር ሰውን የሚሰበስበው ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ለእናንተም እንተወዋለን፤ እኛ ገና አልጨረስነውም።

በየካቲት ወር አባታችን አንገታቸውን ያማቸው ጀመር። ብንጠይቃቸው «ምንም አይደል፣ ብርድ ነው» አሉ። ታናሽ እኅታችን ግን በወንበራቸው ተቀምጣ ወደ ቴሌቪዥኑ አየችና «ቀና ብለው ነው የሚያዩት!» አለች። ለካንስ በተቀመጠ ሰው ልክ የሥዕሉ መካከል ከዐይን ጋር ትክክል መሆን አለበት፤ ከወለል 1 ሜትር ከ10 ገደማ ይሆናል። የእኛ ከዚያ በግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ ነበር። ሆቴል ቤት ከፍ የሚያደርጉት የሚቆምና የሚተላለፍ ሰው ስላለ ነው፤ አባታችን ግን የሚያዩት ተቀምጠው ነው። በመጀመሪያው ቀን የነገሩን ይህንኑ ነበር። አራት ወር ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ «ብዬ ነበር» አላሉንም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አወረድነው። አባታችን ወንበራቸውን አስጠግተው እንደ ገና አዛዥ ሆኑ። እንጨቱን እኛው አንኳኩተን አገኘነው፤ እሳቸው ምልክቱን ብቻ አዩልን። ውሃ ልኩ ሁለት ጊዜ ተቀመጠ። ምሳ ሰዓት አልፎ ሥራው ሲያልቅ ማንም ሪሞቱን አላነሣውም፤ ስለ ድሮ ቤቶች አሠራር እያወሩን ነበርና። በላይ በኩል አራቱ አሮጌ ቀዳዳዎች ክፍት ሆነው ቀሩ። ጀሶ በጥብጠን አሁኑኑ እንድፈናቸው ወይ ብለን ጠየቅናቸው።

«የዛሬ ሳምንት ትመጣላችሁ አይደል? ለዚያ ይቆይ» አሉን።