በሽታውን የደበቀው ማን ነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። ምሳሌው የማይገባበት ቦታ የለም። ባልና ሚስት ሊያስታርቁ የተቀመጡ ሽማግሌዎች «በሉ የሆዳችሁን አውጡት» ከማለታቸው በፊት ይተርቱታል። ዕዳው አንገቱ የደረሰን ነጋዴ ወዳጁ በዚሁ ይመክረዋል። ስለ ኤች.አይ.ቪ የሚያስተምሩ ሰዎችም ለዓመታት ሲደግሙት ኖረዋል፦ ተመርመር፣ ራስህን እወቅ፣ አትደብቅ።

ምክሩ የሚናገረው ለታማሚው ነው። ጥፋቱም የእሱ ነው፤ ደበቀ፣ ስለዚህ አጣ። እንዲህ ለማለት ግን ሁለት ነገር ቀድሞ እውነት መሆን አለበት። መድኃኒቱ መኖር አለበት። የተናገረ ሰው ደግሞ ከሰሚው የሚያገኘው መድኃኒት እንጂ ሌላ ሕመም መሆን የለበትም። የኤች.አይ.ቪ ታሪካችን ሁለቱንም ፈትኗቸዋል።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። ጸረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በክፍያ መሰጠት የጀመረው በ1995፣ በነፃ መታደል የጀመረው ደግሞ በጥር 1997 ነው። በመካከሉ ወደ 20 ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት የተናገረ ሰው ምን አገኘ? አከራዩ ቤቱን አስለቀቀው። በመሥሪያ ቤቱ ብርጭቆው ተለየ። ልጆቹ አብሯቸው የሚጫወት አጡ። ስለዚህ ቤተሰብ የታመመውን «ሳንባውን ነው»፣ «ምች መትቶት ነው» እያለ ያስታምም ነበር፤ ሲሞትም ለለቅሶ የመጣው ሰው ምክንያቱን እያወቀ አይጠይቅም፣ ቤተሰቡም መታወቁን እያወቀ አይናገርም። ይህ ሁሉ ለሟቹ ክብር ብቻ አልነበረም። የቀሩት ሴት ልጆች ማግባት አለባቸው፤ ባሏ የሞተባት ሴት በዚያው ግቢ መኖር፣ በዚያው ጉሊት መሸጥ፣ በዚያው ዕድር መቀበር አለባት።

በዚያ ዘመን «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ያለውን ሰው ሞኝ ነው ለማለት አልደፍርም። ደግሞም ይኸው ሕዝብ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚል ሌላ ምሳሌ አለው፤ እሱን የተረተው ሰው ጎረቤቶቹን በደንብ ያውቅ ነበር።

እንዲያም ሆኖ የተናገሩ ነበሩ። መድኃኒቱ ከመምጣቱ ዓመታት ቀድመው እንደ ተስፋ ጎህ ኢትዮጵያና መቅድም ባሉ ማኅበራት ተሰባስበው፣ በየትምህርት ቤቱና በየፋብሪካው እየቆሙ «ቫይረሱ በደሜ ውስጥ አለ» ያሉ ሰዎች። ለራሳቸው የሚሆን ክኒን እንደሌለ ያውቃሉ። ተናግረው የሚያገኙት መድኃኒት የለም፤ የሚያጡት ግን አለ፤ አጥተዋልም። ሌላው ሰው እንዲጠነቀቅ፣ የታመመውም ብቻዬን ነኝ እንዳይል ሲሉ ፊታቸውን ሰጡ። በኋላ ክኒኑ ሲመጣ ካርድ ለማውጣት የሚሰለፍ ሰው መገኘቱ አንዱ ምክንያቱ እነሱ ናቸው። ብዙዎቹ ያን ቀን ሳያዩ አልፈዋል። በእኔ እምነት ይህች አገር ውለታቸውን ገና አልከፈለችም።

አንዳንዱ ደግሞ መናገርም መደበቅም ሲያቅተው አካባቢውን ለቀቀ። በእንጦጦ ማርያም ጸበል ዙሪያ ቤት ተከራይተው የሰፈሩት እጅግ ብዙ ነበሩ። ፈውስ ፍለጋ እንደ መጡ አያጠራጥርም። ነገር ግን እዚያ ሁሉም የሁሉንም ያውቃል፤ «ምን ሆነህ መጣህ» የሚል የለም። ያ በራሱ ዕረፍት ነው። ክኒኑ ሲመጣ «ጸበል እየተጠመቁ መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጉደል ነው» የሚል ክርክር ተነሥቶ መድኃኒቱን ያቋረጡ ነበሩ፤ የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ እንደማይጣሉ በአደባባይ መናገራቸው የብዙዎችን ሕይወት የነካ ቃል ነበር።

ዛሬ በኢትዮጵያ 600 ሺህ ገደማ ሰዎች ከቫይረሱ ጋር ይኖራሉ፤ አብዛኞቹ መድኃኒት ላይ ናቸው። መደበቁ ግን አልቀረም፤ ስፍራ ነው የቀየረው። ሰው ለሐኪሙ ይናገራል፣ ለጎረቤቱ አይናገርም። ጤና ጣቢያው ከደጁ ሆኖ ሁለት ታክሲ ይዞ ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ ይሄዳል፤ ምክንያቱም የሰፈሩ ክሊኒክ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚያውቀው ሰው ያየዋል። ክኒኑን ከብልቃጡ አውጥቶ ሌላ ዕቃ ውስጥ ይገለብጠዋል፤ ቦርሳ ውስጥ እንዳይንኳኳ ጥጥ ይወትፍበታል። ምሳሌውን ቃል በቃል ከወሰድነው እንግዲህ ስቷል፤ በሽታውን ደብቆ መድኃኒት ያገኘ ሞልቷል። ሆኖም ለቅሶ ቤት ያደረ ቀን፣ ዘመድ ክፍሉን የተጋራው ሳምንት፣ የመዋጫው ሰዓት ያልፋል። ይህ ሲደጋገም ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምደዋል፣ ክኒኑም መሥራት ያቆማል። ያኔ የአበው ቃል ተመልሶ እውነት ይሆናል፤ ግን የደበቀው በማን የተነሣ ነው?

ፍርሃቱ ከዕውቀት ማነስ ነው ይባላል። ከፊል እውነት ነው። በአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሲካሄድ «ቫይረሱ እንዳለበት ከሚያውቁት ሻጭ አትክልት ይገዛሉ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ «አልገዛም» የሚለው ዛሬም ጥቂት አይደለም። ቫይረሱ በቲማቲም እንደማይተላለፍ ግን ሕፃን ሁሉ በትምህርት ቤት ተምሮታል። ሳይንሱ ደግሞ ከቲማቲሙ እጅግ አልፎ ሄዷል። በ14 የአውሮፓ አገሮች አንዱ ቫይረሱ ያለበት ሌላው የሌለበት 888 ጥንዶች ያለ ኮንዶም ሲኖሩ ተከታትሎ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ቫይረሱ በመድኃኒት ተገቶ በምርመራ ከማይታይበት ሰው ወደ አጋሩ የተላለፈበት አንድም አጋጣሚ አላገኘም። ይህን የሰማ ሰው አሁንም የሚሸሽ ከሆነ የሚሸሸው ቫይረሱን አይደለም። ስኳር ያለበትን ሰው «ከየት አመጣኸው?» የሚለው የለም። ኤች.አይ.ቪ ላለበት ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ጥያቄውም የሐኪም ሳይሆን የዳኛ ነው።

ደባቂው ሌላ ወገን የሚሆንበት ጊዜም አለ። በእስራኤል ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን እንደማንኛውም ዜጋ ደም ይለግሱ ነበር። ደም ባንኩ ግን ደሙን እየወሰደ በስውር ይደፋው እንደነበር በጥር 1988 ዓ.ም. ማዓሪቭ ጋዜጣ አወጣው። ምክንያቱ የኤች.አይ.ቪ ፍርሃት ነበር፤ በምስጢር የተደረገውም ለጋሾቹ እንዳያፍሩ ነው ተባለ። ሕዝቡን በጅምላ አግልሎ፣ ማግለሉን ለተገለሉት ደብቆ፣ ይህንንም እንደ ርኅራኄ መቁጠር! ወደ 10 ሺህ ሰው በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጣ፤ ከፖሊስ ጋርም ተጋጨ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ የተወለደችው የምክር ቤት አባል ፕኒና ታማኖ ሻታ እዚያው ምክር ቤቱ (ክኔሴት) ውስጥ ደም ልስጥ ብላ አይሆንም ተባለች። እነዚህ ሰዎች የደበቁት ነገር አልነበረም።

በዓረብ አገራት ያለችው እህታችን ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥማታል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠይቅ ሠራተኛ ደሙ ይመረመራል፤ ቫይረሱ ከተገኘ ፈቃዱ ቀርቶ ወደ አገር መመለስ ይከተላል። እዚያ መታወቅ እንጀራ ማጣት ነው።

ከሁሉ የከበደው የምሳሌው ፈተና ግን ቤት ውስጥ ያለው ይመስለኛል። ከቫይረሱ ጋር ለተወለደ ልጅ እናት ክኒኑን የምትሰጠው «ቫይታሚን ነው»፣ «ለልብህ ነው» እያለች ነው። በሽታውን ከባለቤቱ ደብቃ መድኃኒቱን አገኘችለት። የዓለም ጤና ድርጅት ልጆች ከ6 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ እንደ አቅማቸው ደረጃ በደረጃ እንዲያውቁ ይመክራል። እናት ይህን ሳትሰማ ቀርታ አይደለም። ልጅ ነው፣ ለጓደኛው ይነግራል፤ ጓደኛው ለእናቱ፤ እናቱ ለሰፈሩ። ሌላም ፍርሃት አለ፦ «ከማን ያዘኝ?» ሲላት መልሱ ራሷ ናት። ልጁ ግን ያድጋል፤ ማንበብ ይችላል፤ አንድ ቀን ብልቃጡ ላይ ያለውን ጽሑፍ አይቶ ብቻውን ይደርስበታል። ተቆጥቶ ክኒኑን የሚወረውረው በዚህ ጊዜ ነው። ልምድ ያላቸው አማካሪ ነርሶች ለዚህ መንገድ አላቸው፤ መጀመሪያ «ደምህ ውስጥ ተኝቶ እንዲቆይ የምናደርገው ነገር አለ፣ ክኒኑ ያስተኛዋል» ይሉታል፤ ስሙ የሚነገረው ዓመታት ቆይቶ፣ ልጁ መጠየቅ ሲጀምር ነው።

ነፃው መድኃኒት ሲመጣ ሕፃናት የነበሩት ዛሬ ለትዳር ደርሰዋል። ብዙ አጥቢያዎችም ከሠርጉ በፊት የምርመራ ወረቀት ይጠይቃሉ። ከእነሱ አንዷ ለእጮኛዋ ነግራዋለች፤ አብሯት ክሊኒክ ሄዷል፣ አማካሪዋን አነጋግሯል። ያለ ሕክምና ከእናት ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ከ15 እስከ 45 በመቶ እንደሆነ፣ በሕክምና ግን ከ5 በመቶ በታች እንደሚወርድ ሁለቱም በቃላቸው ያውቁታል። መስማት የቀራቸው አማቶቿ ናቸው።